የፓ ቶኬራው ፍርሃት

ፓ ቶኬራው ባሕር ይፈራ ነበር። አኑታ ደሴት ተወልዶ ባሕር መፍራት ነውር ነው፤ ግን አባቱ ከፓቱታካ አለት የወፍ ጫጩት ሊለቅም ወጥቶ በዚያው ቀርቷል፣ ምን ያድርግ! መፍራቱን የምታውቀው ሚስቱ ናኡ ቶኬራው ብቻ ነበረች።

በዚያ ዓመት አማቱ፣ ሽማግሌው ፓ ኑኩሪ፣ ወደዚያው አለት እንሂድ አለው። እኛ ዘንድ አማትን ቀና ብለው አያዩትም፤ እንኳን ሊከራከሩት!

ከቴራኪ ጋር ሦስት ሆነው ሄደው፣ ጫጩታቸውን ጭነው ሲመለሱ ደመናው ወርዶ ፀሐይዋ ጠፋች። ወደ ማታ ላይ፣ መሪውን መቅዘፊያ የያዘው ሽማግሌ የወፍ መንጋ አየ።

“ቀኑ ሲመሽ ወፍ ወደ የብስ ነው የሚገባው። እንከተላቸው!”

“ተመስገን!” አለ ከፊት የሚቀዝፈው ቴራኪ። “ሚስቴ ሌላ ባል ሳታገባ ደረስን።”

ፓ ቶኬራው ግን ክው አለ። ከአለቱ ሲነሱ ትልቁ ማዕበል የሚመጣው ከግራ ነበር፤ አሁን ከቀኝ ሆኗል። ዞረዋል! ወፎቹም ቢሆኑ ጎጇቸው ያለው እዚያው አለት ላይ ነው፤ ጫጩቶቻቸውን ለቅመው የመጡት እነሱው ራሳቸው አይደሉም እንዴ? አለቱ ላይ ደግሞ ጠብታ ውሃ የለም፤ የቀራቸው ሁለት ኮኮናት ነው።

ዝም ቢል ማለቃቸው ነው። ቢናገር አባቷን አዋርዶ ሚስቱን በምን ዓይኑ ያያታል? በመጨረሻ በሆዱ ተስቦ ሄደና በእኛ የይቅርታ ወግ አፍንጫውን የሽማግሌው ጉልበት ላይ ደፋ።

“አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ወደ ኋላ ነው የምንሄደው።”

“ምን አልክ?”

“ፈራሁ አባቴ፣ በጣም ፈራሁ። ማዕበሉ በቀኝ ሆኗል።”

ቴራኪ መቅዘፉን ተወ። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ የታንኳዋን መናጥ አዳመጠ። ከዚያ ታንኳዋን አዞረ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የአኑታ ኮረብታ ታየ። ጠፍተዋል ያለው ሕዝብ ሊቀበላቸው እያለቀሰ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገባ። ፓ ቶኬራው ሁለተኛ ባሕር አልወጣም ብሎ በልቡ ምሎ ጨርሷል።

ሽማግሌው ግን በሰው ሁሉ ፊት መሪውን መቅዘፊያ አስጨበጠው።

“ከዛሬ ጀምሮ የምትመራው አንተ ነህ። እኔ ስፈራ ወፍ እከተላለሁ፤ አንተ ስትፈራ ማዕበሉን ትሰማለህ።”

አማትን እምቢ አይሉትም፤ ተቀበለ። ሃያ ሁለት ዓመት መራ፤ አንድም ሰው አልጠፋበትም። በየጉዞው ዋዜማ ግን ናኡ ቶኬራው እጁን ይዛ “አይዞህ፣ አይዞህ” ስትለው ታድር ነበር።