ሁለት ጊታር ይዤ ወደ ሮማን ቤት

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አሮጌውን ጊታሬን አቅፌ ጀሞ ካለው የኮንዶሚኒየም ቤቴ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ወረድኩ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ላፍቶ ደርሶ በለቡ ዞሮ መመለስ ነው፣ ሁሉም በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ። ይህም ጉዞ ተብሎ ይጻፋል እንዴ የሚል ካለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ጊታር ታቅፎ ይቁምና ይየው።

የወጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው። የግራ እጄን ጣቶች ቁርጥማት ይዟቸዋል። ጊታሬ ደግሞ ስገዛው ራሱ አሮጌ ነበር፤ ከእኔ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ክሮቹ ከአንገቱ ከፍ ብለው ስለተነሱ አጥብቀው ካልተጫኗቸው አይሰሙም። እኔ ክሮቹን ሁሉ ባንዴ አልመታም፤ በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች አንድ በአንድ እየነጠልኩ ነው የምጫወተው። በዚህ አጨዋወት የጊታሩም የጣቱም ድክመት አይደበቅም። እንግዲህ ወይ አሮጌው ይጠገንልኛል፣ ወይ ጣቴ የሚችለው አዲስ አገኛለሁ፣ ወይ ደግሞ መጫወት አቆማለሁ። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ሚስት አላገባሁም፤ ቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ ድምፅ ያለው ይህ ጊታር ብቻ ነው። ሦስተኛውን ምርጫ ሳስበው ያስፈራኛል።

ሰልፉ አርባ ደቂቃ ፈጀ። የታክሲው ረዳት ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ነው፤ ጊታሩን ሲያይ በሩን በክንዱ ከለለው።

"ፋዘር፣ እሱም ይከፍላል።"

"ጭኔ ላይ ነው የማስቀምጠው።"

"ጭን ላይ የሚቀመጥ ሕፃን ነው። ይሄ እኔን ያክላል።"

የሁለት ሰው ሃያ ሃያ ብር ከፈልኩ። ጊታሬ በከፈለበት ወንበር ላይ ግን አንዲት ሴትዮ ዘንቢላቸውን ይዘው ተቀመጡበት፤ እኔም ጊታሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ላፍቶ ደረስኩ።

ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ፣ ላፍቶ

ጋሽ በዳዳ አናጢ ናቸው። እንጀራቸው አልጋና ቁም ሣጥን ነው፤ ክራርና ጊታር የሚጠግኑት ደስ ስለሚላቸው ነው። ከሱቃቸው ፊት ለፊት ያለውን ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ በመጋዛቸው እየጠቆሙ "እዚያ ላይ ጤፍ አጭጃለሁ" ይላሉ። በሄድኩ ቁጥር ይነግሩኛል፣ እኔም በሄድኩ ቁጥር እገረማለሁ።

ጊታሩን አንስተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገቱን ተመለከቱ።

"ሆዱ ደህና ነው" አሉኝ። "እንጨቱ ደርቆ ደርቆ ቀልሏል። ለዚህ ነው ድምፁ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቶሎ የማይጠፋው። አንገቱ ግን ጎብጧል። ክሮቹን የሚሸከመውን አጥንት እንዳልሞርድልህ፣ ባለፈው ሞርጄ ጨርሼዋለሁ።"

"አንገቱን ነቅለው መልሰው ቢተክሉትስ?"

"እነቅለዋለሁ። ሲተከል ይኸው ድምፅ ይመለሳል ብዬ ግን አልምልልህም።"

ጊታሩን በጨርቅ ጠርገው መለሱልኝ።

"ለጣትህ አዲስ ይሻላል፣ ክሩ ዝቅ ያለ ነው" አሉ። "ብቻ አይተህ ግዛ። ሆዱ ተለጣጥፎ የተሠራ ኮምፔርሳቶ ከሆነ ተወው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"

ለማየት ገንዘብ አልቀበልም ብለው ሸኙኝ።

ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ለቡ

ለቡ ግማሹ ቤት ግማሹ አሸዋ ነው። ያላለቁት ፎቆች በባሕር ዛፍ እንጨት ተደግፈው ቆመዋል፣ ከሥራቸው ግን ሱቆቹ ሥራ ጀምረዋል። አንዱ በር ላይ ቆሜ በሰማንያ ብር እርጥብ የሚሉትን ድንች በዳቦ በላሁ። ድንቹ ትኩስ ነበር፣ ቃሪያው ደግሞ አስለቀሰኝ፤ ለማልቀስም ምክንያት አላጣሁም ነበር።

ሄለን የምትባል ወጣት ካላለቀ ፎቅ ሥር ድምፅ ማጉያና ጊታር ትሸጣለች። ጉዳዬን ነገርኳት፤ ከግድግዳው ላይ አንድ አወረደችልኝ። ሆዱ ወጥ እንጨት ነው፣ ዋጋው አሥራ ስምንት ሺህ ብር። ወንበር ሰጠችኝና ሁለቱን እያፈራረቅኩ አንድ ዜማ በባቲ ቅኝት ተጫወትኩ።

እውነቱን ልናገር፣ አዲሱ አላሳፈረኝም። ገና ስነካው ነው የሚመልስልኝ። ቀጭኖቹ ክሮች ጥርት ብለው ይለያሉ፣ የግራ እጄም ዓመት ሙሉ የሸሸውን ቦታ ሳይንቀጠቀጥ ያዘ። አሮጌው ደግሞ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ሙቀት አለው፤ አንዱን ነክቼ ወደ ሌላው ስሄድ የመጀመሪያው አብሮኝ ይቆያል። በአዲሱ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው መጥቶ ለብቻው ይሄዳል። ለጆሮዬ አሮጌው፣ ለእጄ አዲሱ።

"ጋሼ፣ ለምን ያቆማሉ?" አለችኝ ሄለን።

"መቼ አቆምኩ?"

"አራት ዙር ይጫወቱና አውራ ጣትዎ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ይቀጥላሉ። በሁለቱም እንደዚያ ነው ያደረጉት። ችግር አለው እንዴ ጊታሩ?"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላስተዋልኩትም ነበር። ያ ቦታ የሮማን ነው።

ሮማን ታናሽ እህቴ ናት። እኔ እየነጠልኩ፣ እሷ እየዘፈነች በየሰርጉና በየመዝናኛው ሃያ ዓመት ሠርተናል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ልጇ ሊሞት ደርሶ ሳለ፣ "ከዳነልኝ ዘፈን ከአፌ አይወጣም" ብላ ተሳለች። ልጁ ዳነ፤ ዛሬ ቁመቱ ከበሩ ሊበልጥ ነው። ስለት አይፈርስም፣ እኔም አፍርሽ ብያት አላውቅም። የእህቱ ልጅ ስለዳነ ቅር የሚለው አጎት የለም። እኔን ግን ቅር ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ እሷ ፊት ጊታር አንስቼ አላውቅም።

"ሌላ ሰው የሚገባበት ነው" አልኳት ለሄለን።

"ታዲያ ሰውዬው መጥተው ይስሙት።"

"ሴት ናት። እዚሁ ለቡ ነው የምትኖረው።"

"በቃ መታወቂያዎን ያስይዙና ወስደው ያሰሟት። ቀብድ አልጠይቅዎትም።"

ስምንት ሰዓት፣ ሮማን ቤት

አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ትከሻዬ አንጠልጥዬ ኮብልስቶኑን ወጣሁት። ሮማን በረንዳዋ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ ሱቅ ከፈትክ እንዴ?"

"ጆሮሽን ፈልጌ ነው። የትኛው ይሻለኛል?"

ወደ ትሪው አጎነበሰች። "መስማት ስለት አያፈርስም" አለች።

መጀመሪያ አሮጌውን ተጫወትኩ። አራተኛው ዙር አልቆ አውራ ጣቴ ብቻውን ሲቀር፣ የሮማን እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። ትንፋሿን ሳበች፤ ድሮ ልትጀምር ስትል እንደምታደርገው፣ ትከሻዋ ከፍ አለ። ከዚያ አፏን ገጥማ ዋጠችው። እኔም እንዳላየ ሆንኩ። አዲሱን ስጫወት ግን ቀና ሳትል ምስሯን ትለቅም ነበር።

"አሮጌው ያምራል" አለች ስጨርስ። "አንተ ግን አዲሱን ግዛ።"

"ለጣቴ ብለሽ ነው?"

"ለጣትህም ነው። በአሮጌው ስትጫወት የምገባበት ቦታ ትተውልኛለህ፣ ወንድም ጋሼ። እኔ አልገባም። አልችልም።"

"በአዲሱም ትቼልሻለሁ።"

"ሰምቻለሁ። አሮጌው ለምዶታል። አዲሱን ግን ከጅምሩ አታስለምደው።"

ስነሳ አሮጌውን ከእጄ ወሰደችው። "ለሌላ ሰው እንዳትሸጥብኝ። እኔ ጋ ይቀመጥ" ብላ ወደ ውስጥ ይዛው ገባች። ቁም ሣጥኑ ላይ ስታስቀምጠው ክሮቹ በስሱ ተሰሙ። ከዚያ ወዲያ የሚነካቸው የለም።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጀሞ

ሄለን ጋ ተመልሼ ከፍዬ መታወቂያዬን ወሰድኩ። "ምን አሉ?" ብትለኝ፣ "ግዛ አለች" አልኳት። በመልስ ታክሲ ጊታሩ አላስከፈለም፤ ረዳቱ ዞር ብሎም አላየው።

ጉዞው ስለ ጊታር ያስተማረኝን ለሚጠቅመው ልጻፍ። በጣት ነጥሎ ለሚጫወት ሰው አሮጌ እንጨት ድምፁን ያቆይለታል፣ አዲሱ ጣቱን ያሳርፍለታል። ከሁለቱ የትኛው እንደጎደለው ግን ራሱ ማወቅ አለበት። እኔ የጎደለኝ ሁለቱም አልነበረም፤ ይህን ለማወቅ ላፍቶና ለቡ መዞር ነበረብኝ።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ያንኑ ዜማ ጀመርኩ። አራተኛው ዙር ላይ እጄ ቆመ። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ቆመ። በሦስተኛው፣ እሷ የምትገባበትን ዜማ በራሴ ጣቶች ቀጭኑ ክር ላይ አወጣሁት። እየተደነቃቀፈም ቢሆን እስከ መጨረሻው ሄደ። ሲያልቅ ብቻዬን እንደሆንኩ ገባኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለት የሆንን ይመስለኝ ነበር።