ያልተነበበው ገጽ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ አንቺም ቀንተሽ ታውቂያለሽ? ንገሪን» ብለው ያዙኝ። አውቃለሁ እንጂ፤ ያውም በመጽሐፍ።

ያኔ አሰበ ተፈሪ፣ ከገበያው በላይ ሹሩባ እሠራ ነበር። ቅቤው ከቦርደዴ ቆላ ነው የሚመጣልኝ፤ እንዲያ ያለ ቅቤ ዛሬ የት ይገኛል፣ እሱስ ይቅር። ሴት ራሷን ጉልበቴ ላይ ስታስደግፍ፣ ፊት ለፊት ስለማንተያይ መሰለኝ፣ የሆዷን ታወራኛለች።

ግቢያችን ውስጥ ከሸዋ ተመድባ የመጣች ወጣት አስተማሪ ተከራይታ ነበር። ጸጉሯን ስሠራት «አንቺስ እትዬ?» ብላ መልሳ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት፦ ባሌን ሳላገባ ወደ በደሳ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር እወድ እንደነበር፣ ዛሬም የመኪና ድምፅ ስሰማ እጄ ጉንጉኑ ላይ እንደሚቆም።

ከዚያ የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፏ ታተመ፤ የሴቶችን ሆድ የሚናገር። እሁድ ከሰዓት ግቢውን ሰብስባ አነበበችልን።

«ለሰው ጫት አርጥባ፣ ውሃ እየረጨች፣
እሷ ግን ከውስጧ፣ ቀስ ብላ ደረቀች።»

ጫት ሻጯ ጎረቤቴ ጭኗን መታች። «አቦ ይቺ እኔ ነኝ! ወላሂ እኔ ነኝ!»

ቀጥሎ የተነበበው ስለ ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን ሆነ። እኔ ተራዬን ስጠብቅ መጽሐፉ ተከደነ።

«ውይ፣ አንቺን ረሳችሽ!» አለች ጫት ሻጯ፤ «የሁላችንንም ራስ ሠርተሽ አንቺ ቀረሽ!»

ባሌም አብሯት ሳቀ። እኔ ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁ።

አስተማሪዋ በሌላ ቀን ልትሠራ ስትመጣ፣ እንባዋ እስኪመጣ አጥብቄ ጎነጎንኳት።

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«መጽሐፉን አምጥቼልሻለሁ። የምታምኛት ሴት ለብቻሽ ታንብብልሽ።»

«ለጫት ሻጯ ስጫት፤ የሷ አይደል?»

መደቡ ላይ አስቀምጣው ወጣች። ከዚያ ወዲያ ጸጉሯን አልነካሁም። ክረምት ላይ ተዛወረች፤ ያልተሠራ ጸጉሯን በሻሽ ሸፍና አውቶቡስ ልትሳፈር ስትወጣ፣ ደጃፌ ላይ ቆሜ ደህና ሁኚ እንኳ አላልኳትም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ መጽሐፉ ሳጥን ሥር ብዙ ዓመት ተኛ። ባሌ ካረፈ በኋላ ነው ትልቋ የልጅ ልጄ አውጥታ ያነበበችልኝ። አንዱ ገጽ ጫፉ ታጥፏል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር እጇ ጉንጉን ላይ ስለሚቆም ሴት ነው። ያን እሁድ የዘለለችው እሱን ነበር፤ ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ነበርና።