«ጸጥ ያሉ ናቸው»

ዛሬ ጓደኛዬ ለወንድሟ የእንክብካቤ ማዕከል ስታይ አብሬያት ሄድኩ። ኃላፊው «ልጆቻችን ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ድምፃቸው አይሰማም» አለን በኩራት።

(ልጆቻችን የሚላቸው ጢማቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው።)

አጎቴ ይመር ትዝ አለኝ። እንደ ጓደኛዬ ወንድም የአእምሮ እድገቱ ዘገምተኛ ነበር። ቆቦ ላይ ግን ማሽላው ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ሲጮህ ጎረቤት ከተማ ሮቢት ድረስ ይሰማል ይባልለት ነበር።

በደርግ ጊዜ ቀበሌው «መንግሥት ይንከባከበው» ብሎ ራቅ ያለ መጠለያ አስገባው። እናቴ ወንድሟን ልትጠይቅ ስትሄድ የመጠለያው ኃላፊ «ጓድ ይመር ጨዋ ነው፤ ትንፍሽ አይልም» አላት።

«ይመር ዝም ካለ ታሟል። ወላሂ ሳልወስደው አልሄድም።»

«ያለ ቀበሌ ፈቃድ አይወጣም።»

«ስትወስዱት እኔን አስፈቅዳችኋል?» ብላ እጁን ይዛው ወጣች።

በዚያው ዓመት ይመር ማማው ላይ ተመለሰ። ጎረቤት «ጆሯችንን አደነቆረው» ሲላት እናቴ «ወፎቹም እንደዚያ ነው የሚሉት» ትል ነበር።

ዛሬ ኃላፊውን «እዚህ መጮህ የፈለገ ሰው የት ሄዶ ይጮሃል?» አልኩት። ዝም አለ። ጨዋ ነው ማለት ነው።

የእናንተንስ ሰው «ጸጥ ያለ ነው» ብለው ያመሰገኑበት ማዕከል አለ? ምን ብላችሁ መለሳችሁ?