ማር ነው ያልኩት

አባዬ ውስጥ እግሩ ላይ ጥቁር ነገር ወጣበት። መጀመሪያ ምስር ታክል ነበር፤ ባቄላ ስታክል እማዬ ነዝንዛ ነዝንዛ ጎባ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ቆርጦ አወጣትና ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተታት።

"ቆዳ ላይ የሚወጣ ብዙው ነገር ጉዳት የለውም" አለን። "ውስጥ እግር ላይ የሚወጣ ጥቁር ግን ካንሰርም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።"

ላቦራቶሪው ሮቤ ነው። አባዬ እግሩን ሰቅሎ ተኝቷል፣ እማዬ አጠገቡ ናት። ማን ያድርስ? እኔ! ልወጣ ስል አባዬ ጠራኝ።

"ለሰው እንዳትናገሪ። ቁምጥና ነው ብለው ሱቁን ይሸሹታል።"

ገበያው መግቢያ ላይ ጨርቅ ነው የሚሸጠው። "ሞቼ ነው የምናገረው!" አልኩት።

ሚኒባሱ ውስጥ ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልዬ እቅፍ አደረግኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ጠና ያሉ ሴትዮ ዓይናቸውን ጣሉበት።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የሐረና ጫካ ማር ነው አይደል?"

"አዎ፣ አዴ" አልኩ። አፌን ምን እንደነካው!

"ማር ከሆነማ ረዳት ሳይቀምስ አያልፍም!" አለ ረዳቱ ከበሩ።

"ዘንድሮ ስኳር ያልገባበት የት ተገኝቶ? እስቲ ላሽትተው" ብለው ሴትዮዋ ከእቅፌ ወሰዱና ፌስታሉን ገልጠው ክዳኑን ከፈቱት።

"ያ ረቢ!"

ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሰው ሁሉ መስኮት ላይ ተሻማ። ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ ዞረ። "መርዝ የጫነው ማነው? ውረጅልኝ!"

"መርዝ አይደለም! የአባዬ እግር ነው!"

ከዚያ ማቆም አቃተኝ፤ ጥቁሯን ነገር፣ ካንሰሩን፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ሱቃችን የት እንዳለ ሳይቀር ዘረገፍኩት። ሴትዮዋ ክዳኑን ቀስ ብለው ገጥመው እቅፌ ላይ መለሱልኝ። እስከ ሮቤ ሻሻቸውን ሲያስተካክሉ ሄዱ። ኀፍረቴን ምን ላድርገው? መኪናው ሲቆም ብልቃጡን አቅፌ ሮጥኩ።

ውጤቱ የመጣ ቀን ሱቅ ውስጥ ነበርን። ካንሰር አይደለም! አባዬ ፊቱ በርቶ "አልሐምዱሊላህ፣ ማንም ሳያውቅ አለፈ" እያለ ደጁ ጨለም አለ። ቀና ስል ሴትዮዋ ናቸው።

"ልጄ፣ ያ የእግርህ ነገር እንዴት ሆነ?"

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ከጨርቁ ጥቅል ጀርባ ገባሁ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ሴትዮዋ ግን ወጪ ወራጁን አዩና ሻሻቸውን ገለጥ አደረጉ። ማጅራታቸው ላይ ጥቁር እባጭ አለ። "ለልጆቼም አልተናገርኩ። ይኼን የት ነው የሚያዩልኝ?"

አባዬ በርጩማ አቀረበላቸውና ጫማውን አውልቆ ጠባሳውን አሳያቸው፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ከጎረቤት የደበቀውን እግር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቅ በር ላይ።

"ነይ ውጪ" አለኝ። "መናገር እንደሆነ ትችያለሽ። ሐኪሙ ያለንን ንገሪያቸው።"

ወጣሁና ነገርኳቸው። አባዬን ግን ቀና ብዬ አላየሁትም።