በሁለት ዙር የታሰረው ሻንጣ

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ቤዛ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ሻንጣዋን ስታዘጋጅ በሩ ላይ ቆሜ አያት ነበር። ልብሷን እየጠቀለለች ትከታለች። መሐል ላይ እናቷ የሰጠቻትን የወርቅ ጉትቻ በካልሲ ጠቅልላ ወደ ታች ሰደደችው።

"አውጪው" አልኳት።

"አባባ፣ ቁልፍ አለው እኮ! ቁጥሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።"

"አውጪና በእጅ ቦርሳሽ ያዢው። አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በሚገባ ሻንጣ፣ ቢጠፋ የሚያስለቅስሽ ነገር አይቀመጥም።"

እናቷ እታገኝ ከወዲያኛው ክፍል ሰምታ ሳቀች። ሳቋ ደስ የሚል አልነበረም። "ንገራት እንጂ" አለች፤ "ከየት እንደተማርከው ንገራት።"

ለልጄ አልነገርኳትም። ልጆቼን በምክርም በቁጣም ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ በእኔ ላይ የሚያስፈርድ ታሪክ ሲሆን ግን ምላሴ ይከብዳል። ሌላውን የሚመክር ሰው ምክሩን ከየት እንዳገኘው መደበቅ እንደሌለበት ስለማውቅ፣ በአፌ ያቃተኝን በብዕር ልሞክረው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ላሊበላ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የእንጨት መስቀል እየጠረብኩ ለእንግዶች እሸጥ ነበር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን እንግዶች ትተውት ከሚሄዱት ጋዜጣና ከጎረቤታችን ቄስ መጻሕፍት ራሴ ለቅሜዋለሁ። አባቴ ባለ አጋሰስ ነበሩ። ከታናሽ ወንድማቸው ከአያ ካሤ ጋር ከወገል ጤና ገበያ ስንዴና ባቄላ በበቅሎ ጭነው፣ ጋሸና ላይ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ አድረው፣ ላሊበላ ያራግፉ ነበር። የአያ ካሤ ልጅ ሲሳይና እኔ ከአንድ መሶብ የበላን፣ አንድ ቁምጣ እየተቀያየርን የለበስን ነን።

አባቴ ለሁለታችን ያስተማሩን ነገር ቢኖር ጭነት ማሰር ነው። መጫኛው፣ ማለት የጭነቱ ገመድ፣ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ጫፉ ተመልሶ በሁለቱ ዙር መሐል ይሸጎጣል። በቅሎዋ ዳገት ቁልቁለቱን ስትናጥ አይላላም፤ ሲደርሱ ግን ጫፉን አንዴ ሳብ ካደረጉት ይፈታል። ይህን አስተሳሰር ከአባቴና ከአያ ካሤ በቀር የሚያውቅ አላየሁም። በአንድ ዙር ያሰረ ልጅ ኩርኩም ይቀምሳል። ሲሳይም እኔም ብዙ ቀምሰናል፤ ስለዚህ እጃችን ሳናዝዘው የሚያስር ሆነ።

እታገኝን ለማግባት ቀን ሲቆረጥ ጥሎሽ ልገዛ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሲሳይ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ያረፍኩት እሱ ቤት ነው፤ አንደኛ ሚዜዬም እሱ ነበር። ቀሚሱን፣ ጫማውን፣ ጥላውን አብረን መረጥን። በመጨረሻ የሦስት ዓመት የመስቀል ጠረባዬ ያፈራውን የወርቅ ሐብል ገዛን። ወርቅ ቤቱ በትንሽ ቀይ ሣጥን አደረገልኝ። ሲሳይ ሐብሉን በመዳፉ አንጠልጥሎ "ይህን አንገቷ ላይ ስታይ ጠላ ሳትጠጣ ነው የምትሰክረው" ብሎ አሳቀኝ።

ስመጣ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተንገላትቼ ነበር፤ ስመለስ በአውሮፕላን ለመሄድ ወሰንኩ። ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ "ሙሽራው በአውሮፕላን መጣ" እንዲባልልኝም ፈልጌ ነበር።

በመሄጃዬ ማለዳ ቀዩን ሣጥን ከቀሚሱ ሥር ከትቼ ስዘጋ የሻንጣው ዚፕ ተበጠሰ። ሲሳይ ወፍራም ሲባጎ አመጣልኝ። ባለ ታክሲው ከውጭ ጡሩንባውን ያስጮኻል፤ በጥድፊያ በአንድ ዙር ብቻ አስሬ ቋጠርኩት። ሲሳይ "ሂድ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመህ ና። ሙሽራ ሳይሳለም አይሄድም። ሰውዬውን እኔ አቆየዋለሁ" አለኝ። ተሳልሜ ስመለስ ሻንጣው ከመኪናው ኋላ ተጭኖ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስም በትከሻው አውርዶ ጋሪው ላይ ያኖረው እሱ ነው። ሦስት ጊዜ ሳመኝና ተለየን።

ሻንጣ የምትቀበለው ልጅ "ወርቅ፣ ገንዘብ፣ የሚሰበር ነገር አለው?" ስትል ጠየቀችኝ።

"የለውም" አልኩ።

"ካለው አሁን አውጣና በእጅህ ያዝ፤ ኋላ እንዳትቸገር።"

"የለውም አልኩሽ እኮ እህቴ!"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ወርቅ እንዳለኝ እንዳይሰማ ብዬ ዋሸሁ። እውነቱን ተናግሬ ብፈታው ኖሮ ሌብነቱን እዚያው ቆሜ ባወቅሁ፣ ሲሳይንም በር ላይ በደረስኩበት ነበር። በዚህ ታሪክ የእኔ የመጀመሪያ ጥፋት ይህ ውሸት ነው፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ለቤዛ የምሰጠው ምክር ጎዶሎ ይሆናል።

አውሮፕላኑ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ በጎን ትቶ ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ በመስኮት ሲያይ፣ እኔ የማስበው ያን አንድ ዙር ነበር። አባባ ቢያዩት ይኮረኩሙኝ ነበር እያልኩ ሳቅሁ። ሻንጣዬ ስትመጣ ግን ቋጠሮዋን አላየሁም። ዓይኔ በአውሮፕላን ስመጣ የሚያየኝን ሰው ይፈልግ ነበር። ከዚያ በአቧራው መንገድ ወደ ላይ ወጣን፤ ጥር ነውና ገብሱ ታጭዶ ማሳው ሁሉ ገለባ ለብሷል።

ቤት ስደርስ ሻንጣውን የተቀበሉኝ አባቴ ናቸው። ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጫፉን አንዴ ሳብ ሲያደርጉት ተፈታ። "ጎበዝ፣ ከተማ ውለህም እጅህ አልረሳም" አሉኝ። ከዚያ ቀሚሱ ወጣ፤ ጫማው ወጣ፤ ቀዩ ሣጥን ወጣ። ሣጥኑ ባዶ ነበር።

ጮኽኩ። አውሮፕላን ማረፊያውን ረገምኩ፤ ሻንጣ ጫኞቹን በስማቸው ባላውቃቸው በእናታቸው ሰደብኳቸው። አሁኑኑ ወርጄ አንገታቸውን እይዛለሁ ብዬ ስነሣ አባቴ ክንዴን ያዙኝ።

"ቆይ። ይህን ሲባጎ ያሰርከው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እኔ..." አልኩና አፌ ላይ ቀረ። "አይ። እኔ በአንድ ዙር ነው ያሰርኩት። ቸኩዬ ነበር።"

አባቴ ሲባጎውን ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። "እንግዲያ ሰው አትዝለፍ" አሉኝ በመጨረሻ፤ "ይህን ያሰረ ከዚህ ቤት የበላ ነው።"

እኔ ልሳለም በሄድኩበት ሲሳይ ሻንጣውን ሲፈታ የእኔን ዝርክርክ ቋጠሮ አገኘ፤ መልሶ ሲያስር እጁ እንዲያ ጎዶሎ አድርጎ ሊተወው እንቢ አለ። ሌላ ሌባ ቢሆን እንደ ነገሩ ጠምጥሞ ይተወው ነበር።

አባቴ ፍርዳቸውን ወዲያው ሰጡ። "ከሠርጉ በኋላ ሁለት ሽማግሌ ይዘን ካሤ ቤት እንሄዳለን። በጓዳ የተሠራ በጓዳ ያልቃል። እስከዚያ አፍህን ያዝ።"

"እሺ አባባ" አልኩ። አፌንም ያዝኩ። የያዝኩት ግን ለእርቅ ብዬ አልነበረም።

ያን ዘጠኝ ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ሱቄ ተቀምጬ በእጄ መስቀል እየጠረብኩ በልቤ የሲሳይን ውርደት እጠርብ ነበር። ምግብ ይጣፍጠኝ ጀመር። ከቴሌ ቤት ደውዬ "ሻንጣው እንደታሰረ አልጋ ሥር ነው። እናቴ እስከ ሠርጉ ቀን እንዳይነካ ብላለች። አንተ ሚዜዬ ነህ፣ በሰው ፊት የምትፈታው አንተ ነህ" አልኩት።

ሲሳይ "እሺ ወንድሜ" አለ። ቀረሁ ቢል ይታወቅበታል፤ ከመጣ ደግሞ ሁሉም ጣቱን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይቀስራል ብሎ ሳያስብ አልቀረም። መጣ።

በሠርጉ ቀን በእታገኝ አባት ግቢ በተጣለው ዳስ ውስጥ የገብስ ጠላው ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ "ጥሎሹ ይታይ!" ተባለ። ሲሳይ ሻንጣውን ፈትቶ አንድ በአንድ ያነሣል፤ የእታገኝ አጎት፣ ቀልደኛ ሽማግሌ፣ ከፊት ቁጭ ብለው ይተቻሉ።

"ቀሚሱ ይሁን፣ አይተናል! ይህስ ጫማ ለእግሯ ነው ወይስ ለእርሻ?" ዳሱ በሳቅ ተናጋ። "አንገቷስ? የልጃችን አንገት ባዶውን ሊቀር ነው?"

"እሱንማ ሚዜዬ ያሳያችኋል" አልኩ።

ሲሳይ ቀዩን ሣጥን ከፈተ። አፉንም ከፈተ። "ወየው! ተሰርቋል! ለአውሮፕላን የተሰጠ ዕቃ እንዲህ ነው፣ እነዚያ ጫኞች ናቸው!"

ዳሱ አጉረመረመ። እኔ ግን ረጋ ብዬ "ተወው፣ አትደንግጥ" አልኩት። "ሻንጣውን እንደነበረ መልሰህ እሰረው። ወስደን እናመለክታለን።"

አጎነበሰ። እጁ ሥራውን ያውቃል። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ጫፉን መልሶ በመሐላቸው ሸጎጠው።

በዚያ ዳስ ውስጥ ከተቀመጠው ወንድ ግማሹ ጭነት ጭኖ ያደገ፣ የአባቴንም ቋጠሮ በዓይኑ የሚለይ ነው። ሻንጣውን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። "አዲስ አበባ ላይ በአንድ ዙር አሰርኩት። ላሊበላ ሲደርስ እንዲህ ሆኖ ነው የተፈታው። የአውሮፕላን ጫኞች የአባቴን አስተሳሰር ከማን ተማሩት? ሚዜዬን ጠይቁልኝ!"

የሲሳይ ፊት እንደ አመድ ሆነ። "ልመልሰው ነበር" አለ፤ የሰማው ከፊት ያለው ሰው ብቻ ነው። ያች ደቂቃ እንደ ማር ጣፈጠችኝ። አልዋሽም።

ከዚያ አያ ካሤ ተነሡ። ልጃቸውን አላዩትም፤ እኔንም አላዩኝም። ወደ አባቴ ዞረው "ወንድሜ፣ ታውቅ ነበር?" አሉ።

አባቴ ሊዋሹ ይችሉ ነበር። "አውቅ ነበር" አሉ።

"አውቀህ በሰው ዳስ፣ በሰው ፊት?" አያ ካሤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ሲሳይም ራሱን ደፍቶ ተከተላቸው።

የእታገኝ አባት "ለልጄ ጋብቻ ነው የጠራኋችሁ ወይስ ለችሎት?" ብለው ሠርጉን ሊያፈርሱት ነበር፤ ሽማግሌ ወድቆ ለምኖ ዳነ። እታገኝን ያለ ሐብል ወሰድኳት። በማግስቱ ያለችኝ ይህን ነው፦ "በሠርጌ ቀን ሰው ያየው እኔን አይደለም፤ ሲሳይን ነው።"

አባቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ከሳምንት በኋላ ለበቅሎዎቹ ገፈራ፣ ማለት የእህል መኖ፣ ሲሰጡ አገኘኋቸውና አጠገባቸው ቆምኩ። "ጭነት ብቻህን አትጭንም" አሉኝ ሳያዩኝ። "ከበቅሎዋ ማዶ ቆሞ ገመዱን የሚቀበልህ ሰው ያስፈልጋል። እድሜዬን ሙሉ ማዶ የቆመው ካሤ ነው። አሁን ማን ይቁምልኝ?"

እኔ ልቁም አልኩ። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። በዚያው ዓመት በቅሎዎቹን ሸጡ። አያ ካሤ ቤታችንን ዳግመኛ አልረገጡም፤ አባቴ ያረፉ ቀን መጥተው አፈር አልብሰው፣ እህል ሳይቀምሱ ሄዱ። ሲሳይ ወርቁን ለምን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። ምክንያት ቢኖረውስ ብዬ ፈርቼ ይመስለኛል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤዛ ከአዲስ አበባ ደወለች። "አባባ፣ በደኅና ገባሁ! ጋሽ ሲሳይ ነው የተቀበለኝ። ሻንጣዬን እሱ ተሸክሞልኝ መኪና ውስጥ ነን።"

እታገኝን አየኋት። ሽንኩርቷን መክተፏን አላቆመችም። ቤዛን እንዲቀበላት የደወለችለት እሷ ነበረች።

"ሻንጣሽን ክፈቺና እዪ" አልኳት ልጄን።

"አባባ! ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነው፤ ይሰማል እኮ።"

"ይስማ። ክፈቺ።"

ከዚያ ከብዙ ዘመን በኋላ ድምፁን ሰማሁት፤ አርጅቷል። "ክፈቺው ልጄ" አላት፤ "አባትሽ እውነቱን ነው።" ዚፑ ሲከፈት በስልክ ይሰማኛል። ልብስ ይገለባበጣል። ቤዛ "ሁሉም አለ" ስትል ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

"እሺ" አልኩ። ስልኩን ዘጋሁት።

እታገኝ ቢላዋውን አስቀምጣ "ደስ አለህ?" አለችኝ።

አዎ ማለት አፈርኩ። አይ ብል ደግሞ ውሸት ይሆንብኝ ነበር።