ለእነሱ ሌላ ቦኖ

ከአዲስ አበባ በንጋት የተነሳሁት የጓደኞቼን ክርክር ልቋጭ ነው። በየወሩ ስናዋጣ ከርመን፣ "የዓለምን ችግር ሁሉ አንችለውም፤ አንዱን እንምረጥ" ተባባልን። ግማሹ ትምህርት ቤት አለ፣ ግማሹ ውሃ። ለውሃ ከሁሉም በላይ የምለፈልፈው እኔ ስለሆንኩ፣ "በይ ሄደሽ አይተሽ ነይ" ብለው ላኩኝ።

ጅማን አልፈን ቦንጋ ስንገባ ዝናቡ ያወርደዋል። በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ሺሺንዳ ቀጠልኩ። መንገዱ በጫካ መሃል ይጠማዘዛል፤ ከጎኔ የተቀመጡት እናት የያዙት ኮረሪማ መኪናውን አውዶታል። ገበያው ዳር ቆጮ በጎመን በልቼ ሳበቃ፣ ውሃ እንድናወጣላቸው የጠየቁን ጡረተኛው መምህር ጋሽ ወልዴ በሞተር ሳይክል ወደ መንደራቸው ወሰዱኝ።

ቦኖው ጋ

ቦኖው ኩልል ያለ ውሃ ያወርዳል! "ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?" አልኩ። ሴቶች ተሰልፈዋል፤ አንዲት ሴት ግን ጀሪካኗን ይዛ ራቅ ብላ እንሰት ሥር ተቀምጣለች።

አንዷ በኩባያ ውሃ ሰጠችኝ። ጠጥቼ የተረፈውን ይዤ ወደተቀመጠችው ሄድኩ። እጇን ሰበሰበች። "ኧረ ጠጪ!" አልኳት። ጠጣች። የተሰለፉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ኩባያውን ልመልስ ብል የሰጠችኝ ሴት፣ "ይሁንላት፣ ትውሰደው" አለችኝ።

"እንዴት ያለ ደግነት ነው!" አልኩ።

ጋሽ ወልዴ መሬት መሬት እያዩ፣ "ደግነት አይደለም ልጄ። የእሷ ወገን ከጥንት የተገለለ ነው፤ የጠጣበትን እኛ አንጠጣበትም። ውሃም ሰው ሁሉ ቀድቶ ሲጨርስ ነው የምትቀዳው" አሉኝ።

ክው አልኩ። በስመ አብ! በዚህ ዘመን?

"የጠራናችሁም ለዚሁ ነው" ሲሉ ቀጠሉ። "ለእነሱ ለብቻቸው ሌላ ቦኖ ብትሠሩ ሁሉም ሰላም ያድራል።"

"ሞቼ ነው! በኛ ገንዘብማ ሰው ከሰው አይለይም!" ጮኽኩ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"ይሠራ።"

"ለብቻ?"

"እርስዎ ዛሬ ይሄዳሉ" አለችኝ፣ ኩባያውን ታቅፋ። "ልጄ ማታ ውሃ ይላል።"



አዲስ አበባ

ያየሁትን ስነግራቸው ጓደኞቼ እንደኔው ደነገጡ፣ እንደኔው ጮኹ። እኔም የሴትዮዋን መልስ ነገርኳቸው። አንዱን ችግር ስንመርጥ ሌላውን እያየን እንደምንተው እስከዚያች ቀን አስቤው አላውቅም። ሌላው ቦኖ ይሠራ የምትሉ ሲባል፣ እጄን መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እያለቀስኩ።