አፈሙዝ ውስጥ የተለጠፈው እርሳስ

ሙሉብርሃን መሣሪያ ጠጋኝ ነው። ከሶማሌ ተራ ገባ ብላ ባለች ጠባብ ሱቁ ፈቃዱን በመስታወት አድርጎ ሰቅሎ፣ የባለፈቃዶችን ጠመንጃ ሲጠግን ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰፈሩ በሁለት ነገር ያውቀዋል፤ በእጁ ጥበብና ማንንም ባለማመኑ። ሻይ እንኳ ሲቀርብለት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ ሳያይ አይጠጣም።

ባለፈው ዓመት ከከተማ ወጣ ያለ አንድ የኢላማ ተኩስ ማኅበር ሥራ ሰጠው። የፋብሪካ ጥይት እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የተተኮሰውን ቀለህ መልሶ እንዲሞላ፣ ከቀለሁ ጫፍ የሚገጠመውን አረርም እርሳስ አቅልጦ እንዲያወጣ ነበር። እርሳሱን የሚገዛው ምናለሽ ተራ ካሉት ከእትዬ ሠርኬ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቁርጥራጭ ብረት እየለዩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ ቃላቸው የሚከበር ሴት ናቸው።

በሁለተኛው ወር የማኅበሩ መሣሪያ ኃላፊ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ሁለት ጠመንጃ ይዘው መጡ። አርባ ጥይት ሳይሞላ ኢላማ መሳት እንደሚጀምሩ ነገሩት። ሙሉብርሃን አፈሙዙን ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ አየ። በውስጡ ያለው ጥምዝ መስመር እርሳስ ተለስኖበታል። አረሩ ሲያልፍ እየተላጠ እዚያው ቀርቷል ማለት ነው።

ያኔ መጀመሪያ የመጣበት የእትዬ ሠርኬ ስም ነው። ለስላሳ አረር ይላጣል፤ ስለዚህ ጠንካራውን ለሌላ ሸጠው ለእሱ ለስላሳውን ደባልቀውበታል። ሲያስበው ሁሉም ገጠመለት። ባለፈው ሳምንት ሲገባ ወሬያቸውን ለምን አቋረጡ? ከረጢቱንስ ከጓዳ ያወጡለት ለምንድን ነው?

ለእሳቸው ግን ትንፍሽ አላለም። የገዛውን ጥፍጥፍ ሁሉ በጥፍሩ እየፋቀ ይመረምር ጀመር። ልብስ ሰፊውን ጎረቤቱን ማስረሻን ሌላ ደንበኛ መስሎ እንዲገዛለት ላከው። ማስረሻ ያመጣው እርሳስ ከእሱው ጋር አንድ ሆኖ ሲያገኘው፣ ማስረሻም ሹክ ብሏቸዋል አለ በልቡ። እንዲያም ሆኖ የሴትየዋ እርሳስ የተደባለቀ ነው ብሎ ያወራው ለዚሁ ለማስረሻ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ምናለሽ ተራ ደረሰ፤ ሦስት ደንበኞች ከእትዬ ሠርኬ ቀሩ።

ሙሉብርሃን አንዋር መስጊድ አካባቢ ካለው ብረት ሻጭ ከሰሚር ጠንካራ የተባለውን እርሳስ ገዛ። አፈሙዙ እንደገና ተለሰነ። አሁን ደግሞ ሰሚርን ጠረጠረ፤ ቀጥሎም አረሩን የሚቀባበትን ሰም የሸጠለትን ሰው።

ጋሽ ወልደ ሚካኤል ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ሁሉንም ሰው ጠረጠርክ። የራስህን ሥራስ አይተኸዋል?» አሉት።

ከፋው። ቢሆንም በማግስቱ ለስላሳ የእርሳስ ድብልብል ዘይት ወደተቀባው ባዶ አፈሙዝ አስገብቶ በእንጨት ዘንግ ከዳር እዳር ገፋው፤ የወጣውንም በካሊፐር፣ ውፍረት በሚለካበት መሣሪያው፣ ለካ። ከዚያ የራሱን አረር ለካ። አረሩ ከድብልብሉ ቀጥኗል። ጠመንጃዎቹ አርጅተው አፈሙዛቸው ሰፍቷል፤ እሱ ግን አረሩን አሳልፎ ልክ የሚያስይዝበትን የብረት ቀለበት ቶርኖ ቤት ያስቆረጠው መጽሐፍ ላይ ባየው ቁጥር ነው። አፈሙዙን አንድም ቀን ለክቶት አያውቅም። የባሩዱ ትኩስ ጋዝ በቀጭኑ አረር ጎን እያመለጠ እርሳሱን ሲያቀልጠው ኖሯል።

ቀለበቱን የፀጉር ያህል አሰፋው። ከእትዬ ሠርኬ የተረፈውን እርሳስ አቅልጦ፣ ሰምና ሞራ ቀብቶ፣ አዲስ ጥይት ሞላ። ስልሳ ጥይት ተተኩሶ አፈሙዙ ሲታይ ንጹሕ ነበር። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ደስ አላቸው፤ ሙሉብርሃን ግን በእትዬ ሠርኬ ላይ ያወራውን አሰበ።

እትዬ ሠርኬ ዘንድ ሄዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥፋቱ የእሱ እንደነበር ተናገረ። ሚዛናቸውን እየወለወሉ ሰሙት።

«ስታማኝ ለሰፈሩ ነው ያወራኸው፤ አሁን ለእኔ ብቻ ሹክ ትላለህ?» አሉት።

«ምን ላድርግ፣ እትዬ?»

«በየሱቁ ግባና ተናገር።»

ገባ። ከማስረሻ ጀምሮ ወሬው በደረሰበት ሱቅ ሁሉ እየቆመ፣ ሳልለካ የሠራሁት እኔ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ አለ። አንዳንዱ ሳቀበት፤ አንዳንዱም እትዬ ሠርኬ ከፍለውህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ከሦስቱ ደንበኞች ሁለቱ ተመለሱ፤ አንዱ እስከዛሬ አልመጣም።

እትዬ ሠርኬ አሁንም እርሳስ ይሸጡለታል። ግን እሱ በመጣ ቁጥር የጎን ባለሱቅ ምስክር እንዲሆን ሳይጠሩ ከረጢቱን አይፈቱም። ሙሉብርሃንም ሰውዬው እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል።